ሕመሙ ሳይነሣ መጽሐፉን ይክደኑ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 37 ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ከማጅራቴ ተነሥቶ ትከሻዬንና ወገቤን የሚይዝ ሕመም ካደረብኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ኤምአርአይ ተነሥቼ ‹ዲስክሽ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ቀዶ ሕክምና ግን አያስፈልግሽም› ተባልኩ። ጸበል ተጠምቄአለሁ፤ ወጌሻም አይቶኛል፤ ሲብስብኝ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝቼ እወስዳለሁ። ትልቁ ደስታዬ መጽሐፍ ነው። በየሳምንቱ አንድ አንብቤ ዳሰሳ እጽፋለሁ፤ በቴሌግራም የሚጠብቁኝ አንባቢዎች አሉ፤ ደራስያንም አስተያየት ፈልገው መጽሐፍ ይልኩልኛል። ቅዳሜ ደህና ከሆንኩ ከጠዋት እስከ ማታ ሳነብና ስጽፍ እውላለሁ። እሑድና ሰኞ አንገቴን ማዞር ያቅተኛል። እናቴ ‹መጽሐፉ ነው የገደለሽ፤ ተዪው› ትለኛለች። ልተወው ወይስ ችዬው ልቀጥል? ጥሩ ወንበር ብገዛስ ይሻለኝ ይሆን?»

ምላሽ፦ መምህርት፣ የጥያቄዎ ቁልፍ ያለው «ቅዳሜ ደህና ከሆንኩ» ያሉት ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህችን አነጋገር ከገበሬም ከልብስ ሰፊም ከባንክ ሠራተኛም ሰምቻታለሁ። ገበሬው «ሻል ሲለኝ ማሳውን ባንድ ቀን አረምኩት» ይላል። ልብስ ሰፊው «የፋሲካውን ሥራ ባንድ ሌሊት ጨረስኩት» ይላል። ሁለቱም ቀጥለው የሚነግሩኝ አልጋ ላይ ስለዋሉባቸው ቀናት ነው። ስለዚህ ለእናትዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ አልገደለዎትም። እየጎዳዎት ያለው ቅዳሜ ነው። «ችዬ ልቀጥል» የሚለውም አይሆንም፤ እስከ ዛሬ የቻሉት እኮ በዚሁ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የራሱን ቦታ ሰጥቶታል፤ የሌላ በሽታ ጥላ ብቻ አድርጎ አያየውም። ምክንያቱን በአገራችን ነገር ላስረዳዎት። በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚያድር ልጅ አይተው ያውቃሉ። አንድ ሌሊት ከርከሮ ገብቶ ግማሹን ማሳ ካወደመበት ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ነፋስ ቅጠሉን ባንኮሻኮሸ ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ልጁ አልዋሸም። ማሳው ውስጥ ግን ከርከሮ የለም። የነርቭ ሥርዓትዎም እንደዚያ ልጅ ነቅቶ መተኛት አቅቶታል። ቀድሞ ምንም የማይመስለው የአንድ ሰዓት አጎንብሶ መቀመጥ ዛሬ ያስጮኸዋል። ሕመሙ «በሐሳብሽ ነው» የሚሉዎት ካሉ አይስሟቸው። «አጥንትሽ እየተበላ ነው» የሚሉትንም እንዲሁ።

ኤምአርአዩም ያን ያህል አያስፈራዎት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 33 ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ አለ። የተነሡት ሰዎች 3,110 ሲሆኑ አንዳቸውም የወገብ ሕመም አልነበረባቸውም። እንዲያም ሆኖ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ግማሽ ያህሉ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ዲስክ ወጣ ማለት ብዙ ጊዜ እንደ ሽበት ያለ ነገር ነው። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት፤ በየወሩ እያወጡ አይዩት።

ይህን ስል ግን ሁሉም የጀርባ ሕመም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት የሚያልብ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ አብሮት ከመጣ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢን ማሰብ ግድ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ይታሰባል። እጅ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ዕቃ ከእጅ እያመለጠ ከወደቀ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ወጌሻውንም በአንድ ነገር ብቻ ይከልክሉት፦ አንገትዎን በኃይል ጠምዝዞ እንዳያንቋቋው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች የሚያልፉት በዚያ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። እርስዎ የሚያቆሙት ሲያምዎት ነው። ካላመመዎት አያቆሙም። ይህ ማለት የሥራ ሰዓትዎን የሚወስነው ሕመሙ ነው ማለት ነው፤ ነርቭዎም ንባብ ሁልጊዜ በሕመም እንደሚያልቅ ተምሯል። የምንገለብጠው ይህን ነው። ከእንግዲህ የሚያቆሙት ሰዓቱ ስለደረሰ ይሆናል፤ ደህና በሆኑበት ቀንም፣ ባልሆኑበት ቀንም።

ሰዓቱን የሚያገኙት እንዲህ ነው። ለሦስት ቀን በተለመደው ሁኔታዎ ሲያነቡ ሕመሙ ከነበረበት ከፍ ማለት የጀመረበትን ደቂቃ ብቻ ይመዝግቡ። 25፣ 40፣ 25 ደቂቃ መጣ እንበል። ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል 30 ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱና በ20 ይጀምሩ። የስልክዎን ደወል በ20 ደቂቃ ይሙሉት፤ ሲጮኽ ይነሡ፤ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፣ ውሃ ይቅዱ፣ ቡናውን ያማስሉ፤ ከዚያ ከፈለጉ ሌላ 20 ደቂቃ ይቀመጡ። በቀን ስንት ዙር? መጀመሪያ ሦስት፤ ከዚያ አይበልጥም። ሁለት ሳምንት ያለ ግርሻ ካለፈ ዙሩን ወደ 22 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ወደ 24 ያሳድጉት። በዝግታው ይስቁ ይሆናል፤ እስቲ ያስሉት፦ ቅዳሜ አሥር ሰዓት አንብበው ሁለት ቀን ከሚወድቁ፣ በቀን አንድ ሰዓት በሳምንቱ ሁሉ ቢያነቡ ሰባት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ከስረው ሁለት ቀን ያተርፋሉ።

የሚከብደው ስሌቱ አይደለም። ደወሉ የሚጮኸው ገጸ ባሕሪው በሩን ሊከፍት እጁን መዝጊያው ላይ ሲያሳርፍ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ተንኮል አለበት። «ይህን ምዕራፍ ብቻ» ይላሉ፣ ምዕራፉም 40 ገጽ ሆኖ ይገኛል። አንዲት ታካሚዬ የነበረች ጥልፍ ጠላፊ መላ ፈጥራለች፦ ስልኳን ከእጇ ርቆ ከሚገኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ትሠራለች፤ ሲጮኽ ተነሥታ ካልሄደች አይዘጋም። ከእኔ ምክር ሁሉ የእሷ ይበልጣል። መጽሐፉን ገጹ መሀል ላይ እርሳስ አስገብተው ይክደኑት። በሩ እስኪመለሱ አይከፈትም።

አንድ ነገር እንዳይረሱ፤ የሂሳቡ መዝገብ አንድ ነው። አንገትዎ የተማሪ ፈተና ወረቀት ማረምን ከልብ ወለድ ለይቶ አያይም። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል ድርሰት የሚያርሙበት የጥርና የሰኔ ሰሞን የንባቡ ዙር ወደ አንድ ይውረድ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክንድን ከትከሻ በላይ ሰቅሎ መጻፍም እዚያው መዝገብ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከቻሉ ከትከሻዎ በታች ባለው የሰሌዳው ክፍል ይጻፉ፣ የላይኛውን ተማሪ ይጻፍልዎ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ስግደቱ አለ። ስንት ስግደት እንደሚችሉ ሳምንቱ ሳይገባ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ የታመመን ሰው ሁኔታ የሚረዱ አባቶች ናቸው። በዚያ ሳምንት ዳሰሳ አይጻፍም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ታዲያ አንባቢዎቼስ?» ይሉኛል። የጎጃም ሰው ጎተራ ለምን እንደሚሠራ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እስካሁን የሚኖሩት ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ የዚህ ሳምንት ንባብ የዚህ ሳምንት ዳሰሳ ይሆናል፤ አንድ ቀን ከታመሙ ሳምንቱ ባዶ ነው፣ ባዶነቱ ያስጨንቅዎታል፣ ጭንቀቱ ጡንቻውን ያወጥረዋል። ለአንድ ወር ዳሰሳዎን በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉት፤ ለአንባቢዎችዎም በአንድ መስመር ያሳውቁ፣ ሰበብ ሳያበዙ። በመሀል የጻፏቸውን አጫጭር ነገሮች፣ ለምሳሌ ስለ አንድ ገጸ ባሕሪ ወይም ስለ አንድ የአማርኛ ቃል አጠቃቀም፣ እያስቀመጡ ያጠራቅሙ። አራት ሲሞላ ጎተራው አለ ማለት ነው። ክፉ ሳምንት ሲመጣ ከዚያ አንዱን ያወጣሉ፤ ጎተራው ሲጎድል በደህናው ሳምንት ይሞላሉ።

መጽሐፍ የሚልኩልዎት ደራስያን ግን የተለየ ጉዳይ ናቸው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። በስጦታ የተሰጠ መጽሐፍ ዕዳ ሆኖ አንገት ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። አንድ ደራሲ በአውቶቡስ መጽሐፉን ይልካል፤ በሳምንቱ «ደረሰዎት?» ይላል፤ በሁለተኛው ሳምንት «ጀመሩት?»፤ በሦስተኛው «መቼ ነው የሚወጣው?»። ይሉኝታችን ደግሞ የታወቀ ነው፤ «እሺ፣ በዚህ ሳምንት» እንላለን። መጽሐፉ 400 ገጽ ነው፤ ደስ ያላሰኘዎት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ይወጣል። ልብ ብለው ቢያዩት፣ ወድደው ያነበቡት 100 ገጽና ተገድደው ያነበቡት 100 ገጽ በአንገት ላይ እኩል አይመዝኑም። ሕመም በትኩረትና በስሜት እንደሚሰፋና እንደሚጠብ የምናውቀው ቆየት ካለ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ሜልዛክና ዎል የተባሉት ተመራማሪዎች የሕመምን መልእክት ወደ አንጎል የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ የሕመም «በር» ብለው የሰየሙትን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ስለዚህ ለደራስያኑ ይህችን ብቻ ይበሉ፦ «መጽሐፉን በደስታ እቀበላለሁ፤ ጤናዬ ስለማይፈቅድ ግን ቀን አልቆርጥም፤ ስለ ሁሉም እጽፋለሁ ብዬም ቃል አልገባም።» የሚቀየም ይኖራል። ይቀየም።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ። የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ስሌት አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ በማጅራት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ከሩብ ኩንታል ትንሽ መብለጡ ነው። እኔ በዚህ ቁጥር ሰው ማስፈራራት አልወድም፤ አንገት ለማጎንበስም ተፈጥሯል። ክፋቱ ማጎንበሱ ሳይሆን በዚያው ደርቆ መቅረቱ ነው። ቢሆንም ሸክሙን ማቅለል የሚቻል ከሆነ ለምን አይቀልም? አባቶቻችን ብራናውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብቻ አላነበቡም፤ አትሮንስ ሠርተውለታል። ለረጅሙ ማሕሌትም መቋሚያ አለ። እርስዎም ቆመው በሚያነቡበት ዙር ክንድዎን የሚያሳርፉበት ነገር ይፈልጉ። ከተቀመጡ ክርንዎ አየር ላይ አይንጠልጠል፤ የታጠፈ ጋቢ ከክርንዎ ሥር ይግባ። ወፍራም መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ (ይህን ስናገር መጽሐፍ ወዳጆች ይጠሉኛል) ጠራዥ ዘንድ ወስደው ለሁለት ያስከፍሉት። እኔ አንዱን እንዲህ አስደርጌ፣ መጽሐፉን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ወር ሙሉ አላናገረኝም። የራስዎን መጽሐፍ ብቻ ያስከፍሉ።

ዓይንና አንገት ሲደክሙ ጆሮ አለ። «መስማት ማንበብ አይደለም» የሚል ካለ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር ያስታውሱት። ያ የጎጃም ታሪክ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገጹን ሳይገልጥ በዚያ ድምፅ ብቻ የሚያውቀው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከእሱ ጋር ስለ ጉዱ ካሣ ቢከራከሩ አያሸንፉትም። ያልተተረከ መጽሐፍ ከሆነ ከተማሪዎችዎ አንዱ፣ ወይም የእኅትዎ ልጅ፣ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። ለልጁም ይጠቅመዋል። እርስዎ በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ትራስ ከሥሩ አድርገው ይስሙ።

መጻፉንም እንዲሁ። የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጡን ስልክ ላይ አጎንብሶ በአውራ ጣት መጻፉ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉ የቅኔ ተማሪዎች ቅኔ ሲቆጥሩ ብዕር አይዙም። ከዛፍ ሥር ይሆኑና ከጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ጀምረው በቃል ያበጃሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ያበጃሉ፤ ሲያልቅ ለመምህሩ ይነግራሉ። ዳሰሳዎን እንዲሁ ይቁጠሩት፤ በእግር ጉዞ ላይ፣ ሽሮ እያማሰሉ፣ ተኝተው። ሦስት ነገር ብቻ ይያዙ፦ መጽሐፉ ምን ሊያደርግ ፈለገ፣ የት ላይ ተሳካለት፣ የት ላይ አነከሰ። ከዚያ ስልክዎን አፍዎ አጠገብ አድርገው ይናገሩት። የጎግል የድምፅ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል፤ አንዳንዴ «ደራሲ»ን ሌላ ነገር ያደርጋታል፣ ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን መለየትም የእርስዎ ሥራ ነው፤ ቢሆንም 600 ቃል ከመጻፍ 600 ቃል ማረም ይቀላል። እርማቱን ግን በአንድ ዙር ጨርሱ አላልኩም፤ 20 ደቂቃው እዚህም ይሠራል።

ስለ መድኃኒቱ አጭር ነገር ልበል፤ ቀሪው የሐኪምዎ ነው። ዲክሎፌናክን ለአራት ዓመት እየገዙ መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ያነሣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መዋጡ ደግሞ የባሰ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ ግልጽ መነሻ ለሌለው ሥር የሰደደ ሕመም እነዚህን ማስታገሻዎች መጀመርን አልደገፈም፤ ያስቀደመው እንቅስቃሴንና ሥነ ልቦናዊ ድጋፍን ነው። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ሱስ ያስይዛል፤ ከጎረቤት እንዳይቀበሉ። ሐኪምዎ ማታ ማታ በትንሽ መጠን አሚትሪፕታይሊን ካዘዘልዎትና ወረቀቱ ላይ «የድብርት መድኃኒት» የሚል ካነበቡ «አብደሻል ተባልኩ» ብለው አይጣሉት፤ በአነስተኛ መጠን የነርቭን መነቃቃት ለማብረድና ለእንቅልፍ ይሰጣል። ጸበሉን አይተዉ፤ ጸበል ስለጀመሩ ሐኪም ያዘዘውን አያቋርጡ እንጂ። የወገብ ቀበቶ ገዝተው ከሆነ ደግሞ ይፍቱት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አልደገፈውም።

በየቀኑ መራመድ ግን አይቅር። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በሁለት ሳምንት አሥራ አምስት ያድርሱት። ሁሉን አሟልተውም አንዳንድ ሳምንት ሕመሙ ይነሣል፤ ይህን ዛሬውኑ ይወቁት። ያን ቀን ዙሩን ወደ አምስት ደቂቃ ያውርዱት፤ ዜሮ አያድርጉት። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ማጅራትዎ ላይ ያድርጉ፤ በየሰዓቱ ከአልጋ ይነሡ፤ ከጎተራው አንድ ዳሰሳ ያውጡ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቀድሞው ግማሽ፣ በሳምንቱ ወደ ሙሉው ይመለሱ። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ ከራቀዎት፣ ወይም መጽሐፉም ራሱ ደስ ማለቱን ካቆመ፣ ለሐኪምዎ እሱንም ይንገሩት፤ ድብርት ከሕመም ጋር እጅ ለእጅ ሲሄድ እናያለን፣ ሕክምናም አለው።

የቀረው ወንበሩ ነው። አይግዙት። ውድ ወንበር ላይ አሥር ሰዓት የተቀመጠ ሰውም ያው እኔው ዘንድ ይመጣል። ያለዎት ወንበር እግርዎን መሬት ካስነካና ወገብዎ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ከያዘ ይበቃል። ገንዘቡን ለአናጺ ይስጡት፤ የጠረጴዛ አትሮንስ ይሥራልዎት። ልኩ ይኸው፦ ሰሌዳው ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30፤ ከታች መጽሐፉን የሚይዝ የ3 ሳንቲ ሜትር ከንፈር፤ ከንፈሩ ከጠረጴዛው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሰሌዳው ከጠረጴዛው ጋር 60 ዲግሪ ገደማ ሠርቶ ወደ ኋላ ተጋድሞ። ገጹን የሚይዙ ሁለት የልብስ መቆንጠጫዎች ከገበያ ይግዙ። ደወል የሚጮኸውን ስልክ ግን አትሮንሱ ላይ አያስቀምጡት፤ መደርደሪያው ላይ ይሁን።